ትምህርቱ ተማሪውን ይጠብቅ፦ የአንድ ሴሚስተር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርቨሩን ዛሬ ተረከብን። 8 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ሁለት ዲስክ። አዲስ አይደለም። እስካሁን የግቢውን የጥበቃ ካሜራ ቅጂ ሲያስቀምጥ የኖረ ነው። አቧራውን ለማራገፍ ብቻ ግማሽ ቀን ሄደብን። ለእኛ ሥራ ግን ይበቃል።

ሥራው ለሳምንት መጨረሻ ተማሪዎች የኦንላይን ትምህርት ሲስተም መትከል ነው። አካውንቲንግና ማኔጅመንት ይማራሉ። ከመካከላቸው የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ አለ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት አለች፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ አለ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ይመጣሉ። መኪና ሲጠፋ፣ ልጅ ሲታመም፣ አለቃ አልፈቅድም ሲል ይቀራሉ። የቀሩበት ክፍል በዚያው አለፈ። ማስታወሻ ከጓደኛ ለምኖ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀራቸው።

በመጋቢት 2012፣ በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ እኛም ጋ በጥድፊያ አንድ ሲስተም ተተክሎ ነበር። ተማሪው ወደ ግቢ ሲመለስ ተረሳ። የዋናውን አካውንት ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው እንኳ ጠፋ። ምን ተሠርቶ ምን እንደተበላሸ የሚናገር አንድ ወረቀት አላገኘሁም። ስለዚህ በዚህኛው ዙር ሁሉን እጽፋለሁ።

ሌላም የግል ምክንያት አለኝ። 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ነው፣ የፕላዝማ ትምህርት ገና እንደገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይሰጣል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ መልሱን ተናግሮ ይቀጥላል። ጨረስክ አልጨረስክ አያይህም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰውየው ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። የሒሳብ መምህራችን ስክሪኑ አጠገብ ቆመው የሚመለከቱን አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። እዚህ የምንተክለው ነገር ያንን እንዳይደግም እፈልጋለሁ።

ሙድል የተባለውን የኦንላይን ትምህርት ፕሮግራም መርጠናል። በቅርቡ የወጣው 4.5 ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ዕትም ነው፤ የደኅንነት ማስተካከያ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ያገኛል። ለሁለት ሰው ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በየስድስት ወሩ ማሻሻል አንችልም። ሙድል ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። የጀመረው ማርቲን ዱጊያማስ አውስትራሊያዊ ነው፤ የመጀመሪያውን ዕትም በ2002 እ.ኤ.አ. አወጣ። ያደገው በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ነው፣ በልጅነቱም ትምህርቱን የተከታተለው በሬዲዮ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 12

ከሬጅስትራር የተማሪዎች ዝርዝር በኤክሴል መጣ። 214 ስም። በአንድ ጊዜ አስገብቼ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ሙሉ ቀን ፈጀ።

አንደኛ፣ መታወቂያ ቁጥሩ። የእኛ መታወቂያ በእዝባር (/) የተከፋፈለ ነው። ሙድል ደግሞ በዩዘርኔም ውስጥ እዝባር አይቀበልም። ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥር፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የታች ሰረዝና የኢሜይል ምልክት ብቻ ነው የሚያስገባው። እዝባሩን ሁሉ በሰረዝ ተካሁት። ይህን ለተማሪው በትልቁ ጽፎ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መታወቂያው ላይ እንዳለው ጽፎ "አልገባም አለኝ" ይላል።

ሁለተኛ፣ ፋይሉን ሳስቀምጥ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን፣ የአማርኛ ፊደል ሳይበላሽ የሚቀመጥበትን ዓይነት፣ አልመረጥኩም ነበር። የአማርኛ ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ። 214 ሰው "????" ተብሎ ተመዘገበ። አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ።

ሦስተኛው ነው ያሳሰበኝ። ሲስተሙ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባትና የአያት ስም በአንድ ላይ እዚያ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ የውጤት መዝገቡን ስከፍት ተማሪዎቹ በአባት ስም ተደርድረዋል። መምህሩ እጅ ያለው ወረቀት ግን በራሱ በተማሪው ስም ነው የተደረደረው። ከወረቀት ወደ ስክሪን ውጤት የሚገለብጥ ሰው አንድ መስመር ቢስት የአንዱ ውጤት ለሌላው ይሄዳል። የማንንም ተማሪ ሕይወት በዚህ ማበላሸት አይቻልም። ለመምህራን በምንሰጠው ሥልጠና የመጀመሪያው ነገር ይህ እንዲሆን ወስነናል፦ ውጤት ከመሙላትህ በፊት "ስም" የሚለውን ራስጌ ተጫንና በተማሪው ስም ደርድር።

ጥቅምት 20

ኮምፒውተር ላብ ውስጥ 40 ተማሪ አስቀምጠን ሞከርን። ሁሉም አንድ ላይ "ግባ" የሚለውን ተጫኑ። ሲስተሙ ሀንግ አደረገ። ክቡ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። አንዷ ልጅ፣ "ይሄ ነው እንዴ ኦንላይን?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ሰርቨሩ ክፍል ሮጥኩ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ራሙ 10 ጊጋ ባዶ ነው። ታዲያ ምን ያዘው? መልሱ ሙድልን በሚያሠራው በፒኤችፒ (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) መዝገብ ውስጥ ነበር። በአንድ ጊዜ ሰው የሚያስተናግዱት የፒኤችፒ ሂደቶች ቁጥር ሲጫን 5 ተብሎ ነው የሚመጣው። አምስት ብቻ! 35ቱ ተራ ይዘው ቆመዋል። ባንክ ቤት አስር መስኮት ኖሮ አንዱ ብቻ ሲከፈት እንደሚሆነው ነው።

ስንት ላድርገው? እኛ ጋ አንዱ ሂደት ከ60 እስከ 80 ሜጋባይት ራም ይበላል። 60 ብናደርገው በብዙ ቢታሰብ 4.8 ጊጋባይት ይሆናል። ለዳታቤዙና ለሌላው ይተርፋል። 60 አደረግሁት። እንደገና ሞከርን። ገቡ። እነዚያው 40 ልጆች ሲያጨበጭቡ ልቤ ሞቀ።

እግረ መንገድ፣ ፒኤችፒ ሲጫን ከ2 ሜጋባይት በላይ ፋይል አይቀበልም። 20 አደረግሁት። ወደ 500 ማድረስ እችል ነበር፤ ሆን ብዬ ተውኩት። ከ20 ሜጋ በላይ የሆነ ነገር ለተማሪው ስልክ አይሆንም።

ጥቅምት 21

ሰዓቱ በግሪንዊች ነበር። አዲስ አበባ ብዬ ቀየርኩት። 3 ሰዓት ወደ ፊት ሄደ። የሰዓት ነገር በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር 3

ጥፋት ሠርቻለሁ። ልጻፈው።

ሁሉም ተማሪ የሚጀምርበት ፓስወርድ ያለበትን ዝርዝር ለክፍል ተጠሪዎች ሰጠሁ። ጊዜ እንዲቆጥብ ብዬ ነው። በማግስቱ ዝርዝሩ የክፍሉ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። ሦስት ቀን ሳይሞላ አንድ ተማሪ በሌላ ሰው ስም አሳይመንት አስገባ። ምናልባት ለጓደኛው ሊረዳ ፈልጎ ይሆናል። ግን ከእንግዲህ "ይህን ያስገባው ማን ነው?" ለሚል ጥያቄ መልስ የለንም።

ዛሬ ሁሉንም ፓስወርድ ቀየርኩ። ለእያንዳንዱ የተለያየ፣ መጀመሪያ ሲገባ ራሱ እንዲለውጥ የሚያስገድድ። በትንንሽ ወረቀት አትመን፣ ቆራርጠን፣ መታወቂያ እያየን እንሰጣለን። ኢሜይል ላይ መተማመን አልቻልንም። ብዙዎቹ ስልክ ሲገዙ ሱቅ ውስጥ የተከፈተላቸው ኢሜይል ነው፤ ፓስወርዱን ባለሱቁ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ ላይብረሪ በር ላይ ጠረጴዛ አስወጣን። ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንዳችን እንቀመጣለን። ለሥራው ብቻ የሚሆን ሲም ካርድም አወጣን። ጠረጴዛው ላይ ደብተር አለ። በአንድ ዓምድ ተማሪው ያለውን በራሱ ቃል እንጽፋለን፣ በሌላው ችግሩ ምን ሆኖ እንደተገኘ።

"ሲስተሙ አባረረኝ።" ብዙ ሰዓት ሳይነካው ቆይቶ ከአካውንቱ ወጥቷል።
"ገባሁ ግን ባዶ ነው።" ኮርሱ ላይ አልተመዘገበም።
"አልቀበልም አለኝ።" የአሳይመንቱን ስድስት ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ እንዳለ ሊልክ ሞክሯል። ፎቶዎቹ በአንድ ፋይል ተጠቃልለው 24 ሜጋ።
"ጠፋብኝ።" ይሄ አምስት የተለያየ ነገር ሆኖ አግኝተነዋል።

ይህ ደብተር ከሰርቨሩ መዝገብ ይልቅ ሥራ ያስተምረኛል። የሰርቨሩ መዝገብ ሰርቨሩ ጋ የደረሰውን ብቻ ነው የሚያውቀው። መንገድ ላይ የቀረውን ሰው አያውቅም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ኩዊዝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተከፍቶ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሲስተሙ ላይ የሚታየው 8፡00 እና 10፡00 ነው። ሁሉ ነገር ደህና ሄደ። ሰርቨሩ ምንም አልተንገዳገደም። 4 ሰዓት ላይ ሻይ ልንጠጣ ወጣን።

ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ 17 ተማሪ ላቡ በር ላይ ተሰልፎ አገኘሁ። ለ8 ሰዓቱ ኩዊዝ ነው የመጡት።

ስልካቸው ላይ "8፡00" ተብሎ ተጽፏል። 8 ሰዓት ደግሞ በእኛ ከምሳ በኋላ ነው። እነሱ ምን አጠፉ? አንዷ እርጉዝ ነች፣ ሁለት ሰዓት በሚኒባስ ተጉዛ ነው የመጣችው። "ቲቸር፣ አለፈኝ ማለት ነው?" አለችኝ። የ9ኛ ክፍሉ ፕላዝማ ትዝ አለኝ።

መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ የሚከበሩ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እባክዎ ይፍቀዱልን" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "ጥያቄዎቹ ወጥተው ቢሆንስ፣ ልጄ?" አሉ። ትክክል ናቸው። ጥያቄዎቹ ሲስተሙ ውስጥ ካለው የጥያቄ ክምችት በዘፈቀደ የሚወጡ ስለሆኑ ሁለት ተማሪ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት የሚደርሰው ከስንት አንዴ እንደሆነ አሳየኋቸው። ፈቀዱ። ሙድል ለተወሰኑ ተማሪዎች ብቻ የተለየ ሰዓት መስጠት ያስችላል። ለ17ቱ ከፈትኩላቸው። 17ቱም ጨረሱ።

ከዛሬ ጀምሮ ደንባችን ይሄ ነው። ማንኛውም ኩዊዝና አሳይመንት ርዕሱ ላይ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር በቃል ይጻፋል፦ "ቅዳሜ ኅዳር 21፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት"። ከቀን አቆጣጠሩ ጋር። ሌላው ደግሞ፣ ማስረከቢያው እኩለ ሌሊት አይሆንም። ሲስተሙ አዲስ አሳይመንት ሲከፈት የማስረከቢያውን ሰዓት 00፡00 አድርጎ ያቀርባል። ያ ማለት ቀኑ የሚጀምርበት ደቂቃ ነው። ተማሪው ግን ቀኑን ሙሉ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ቀን በእኛ ዘንድ የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀን ይለወጣል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ሁሉንም ወደ ምሽት 3 ሰዓት ቀየርነው።

ኅዳር 19

አንድ መምህር ትምህርታቸውን በቪዲዮ ቀድተው መጡ። የአንድ ሰዓት ትምህርት፣ 700 ሜጋባይት። ደክመውበታል፣ ደስም ብሏቸዋል። ይህን በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ተማሪ ከቤት ወጪው ቀንሶ ነው የሚያወርደው ብሎ መንገር ከበደኝ። ግን ነገርኳቸው።

አብረን ቁጭ ብለን ሞከርን። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ድምፁን ብቻ አወጣን። ለንግግር በሴኮንድ 32 ኪሎቢት፣ በአንድ ቻናል፣ ጥሩ ይሰማል። አንድ ሰዓት 14.4 ሜጋባይት ሆነ። ስላይዱ በፒዲኤፍ 2 ሜጋ። በድምሩ ከ17 ሜጋ አልዘለለም።

"ድምፅ ብቻ? ሰሌዳውስ?" አሉ። እውነት ነው፣ ድምፁ "እዚህ ጋ እንደምታዩት" ይላል፣ የሚታይ ግን የለም። እንደገና ቀዱት። በዚህኛው ስላይድ በተለወጠ ቁጥር "ገጽ 7 ላይ ነን" እያሉ። በጣም ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሁሉን ነገር ለወጠው። ሌሎች መምህራንም እንዲህ እንዲያደርጉ በአንድ ገጽ ጽፈን በተንን።

እሁድ ጠረጴዛው ላይ አንድ ተማሪ፣ "መኪና ውስጥ ሁለቴ ሰማሁት" አለኝ። ቪዲዮውን አንድ ጊዜም አያየውም ነበር።

የሙድልን የስልክ አፕም እያስለመድናቸው ነው። ቅዳሜ ግቢ ዋይፋይ ላይ ሆነው ኮርሱን ሙሉውን ያወርዳሉ። ሳምንቱን ያለ ኔትወርክ ያነባሉ፣ ይሰማሉ።

ታኅሣሥ 2

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፋይበር ተቆረጠ። ከከተማው ውጭ የመንገድ ቁፋሮ አለ። ኢንተርኔት በሙሉ ጠፋ።

እኔ አልደነገጥኩም። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ነው ያለው፣ ከላይብረሪው 200 ሜትር አይርቅም። ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት። እንዲያውም እዚሁ የተከልነው ለዚህ ነው። ግን አልሠራም። አንድም ሰው መግባት አልቻለም።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የተማሪው ኮምፒውተር የሲስተሙን ስም ያውቃል እንጂ አድራሻውን አያውቅም። አድራሻውን የሚጠይቀው ውጭ አገር ካለ የስም ሰርቨር ነው። ጎረቤቱን ለማግኘት ባሕር ማዶ ደውሎ ይጠይቃል ማለት ነው። ስልኩ ሲቆረጥ ጎረቤቱም ጠፋ። ግቢ ውስጥ የራሳችን ትንሽ የስም ሰርቨር አቆምን። ለእኛ ስም የውስጡን አድራሻ ራሱ ይመልሳል፣ ሌላውን ወደ ውጭ ያስተላልፋል። ከሰዓት በኋላ፣ ፋይበሩ ገና ሳይጠገን፣ ላይብረሪ ውስጥ ያሉት ገቡ።

ከዚያ ሁለት ነገር ተከተለ። የስታቲስቲክስ ኮርስ ሲከፈት ቀመሮቹ በሙሉ ጥሬ ኮድ ሆነው ታዩ። ቀመር የሚያሳምረው ማትጃክስ የተባለው ነገር ካልተቀየረ በቀር ከውጭ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚጫነው። ገልብጠን እኛው ሰርቨር ላይ አስቀመጥነው። ሌላው ደግሞ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቁ ራሳቸው ወደ ሞባይል ዳታ ይሸሻሉ። ተማሪው ዋይፋይ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ስልኩ ግን ግቢውን ጥሎ ሄዷል። "ዳታ አጥፉ" የሚል ወረቀት በየግድግዳው ለጠፍን።

ፋይበሩ የተጠገነው በሦስተኛው ቀን ነው። እነዚያን ቀናት ትምህርት አልቆመም። በዚህ ዓመት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ታኅሣሥ 9

አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለን። ስልኩ ጽሑፍ ያነብለታል። የሕግ መግቢያ ኮርሱን ሲከፍት ስልኩ ዝም አለ። ሃንድአውቱ ከፎቶ ኮፒ ላይ ስካን የተደረገ ነው። ለእኛ ጽሑፍ ነው፣ ለስልኩ ፎቶ ነው። ቴሴራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛም ስለሚያውቅ በእሱ ወደ ጽሑፍ መለስነው። ስሕተት ነበረበት። ሁለት የላይብረሪ ሠራተኞች በፈቃዳቸው መስመር በመስመር አረሙት። 48 ገጽ። ምስጋና ይገባቸዋል።

ሌላም ገጠመን። የድሮ አማርኛ ሃንድአውቶች ሲጫኑ የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆነው ወጡ። ከዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየቡ ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት አሮጌውን ፎንት የሚጠቀም አልጠፋም። ኮምፒውተሩ ላይ ፎንቱ ያለው መምህር አማርኛ ያያል፣ ተማሪው ዝብርቅርቅ ያያል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለጊዜው ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ወደ ፒዲኤፍ እየለወጥን እንጭናለን። ለስልክ አንባቢው ግን ያም አይሆንም። ቀስ በቀስ እንደገና መተየብ አለበት።

ታኅሣሥ 16

ከአንድ ሩቅ ወረዳ ተማሪ ደወለች። "ቲቸር፣ ሲስተሙ አደገኛ ነው ይለኛል፣ ፈራሁ።" የሌሎቹ ይሠራል። ሰርቨሩን አየሁ፣ ደህና ነው። የደኅንነት ሰርተፍኬቱን፣ ሲስተሙ እውነተኛው መሆኑን ለስልኩ የሚያረጋግጠውን፣ አየሁ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነፃ የሚሰጠው ነው፣ ለ90 ቀን ያገለግላል፣ ጊዜው አላለፈም። አፑን አጥፍታ እንደገና እንድትጭን ነገርኳት። አልሆነም። ካርዷን እያስጨረስኳት ነው ብዬ ተጨነቅሁ።

በመጨረሻ፣ "የስልክሽን ስክሪን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ" አልኳት። ላከች። ጥጉ ላይ ቀኑ አለ፦ 16/4/2017።

የእኛ ቀን ነው! ታኅሣሥ አራተኛው ወር። መምህርት ናት፣ የተማሪ መዝገብ ስትሞላ ቀን እንዳትሳሳት ብላ ስልኳን ራሷ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልታዋለች። ስልኩ ግን የፈረንጅ 2017 መሰለው። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው። ሰርተፍኬቱ በእሱ ሂሳብ ገና አልተወለደም። ስለዚህ አላምንም አለ።

ቀኑን ከኔትወርኩ እንዲወስድ አደረገች። ወዲያው ገባች። ለእኛ አቆጣጠር ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቀን መቁጠሪያ አፕ ጫነች። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፦ "አደገኛ ነው ይለኛል። መጀመሪያ የስልኩን ቀን ጠይቅ።" ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው በዚሁ ተፈትቶለታል።

ጥር 6

ከገና በኋላ ግቢው ጭር ስላለ ባክአፑን ለመፈተሽ ጊዜ አገኘን። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይወሰዳል፣ ቅጂው ላይብረሪ ሕንፃ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ይቀመጣል። ሁልጊዜ "ተሳክቷል" ይላል። ባልደረባዬ፣ "እስቲ ሰርቨሩ ተቃጥሏል እንበልና ከባዶ እንመልሰው" አለ።

መለስነው። ኮርሶቹ አሉ፣ ስሞቹ አሉ፣ ውጤቱ አለ። አሳይመንቶቹን ስንከፍት ግን ፋይል የለም። አንድም። የምንቀዳው ዳታቤዙን ብቻ ነበር። ሙድል የሚጫኑ ፋይሎችን ዳታቤዝ ውስጥ አያስቀምጥም፣ ለብቻው ባለ ማህደር ውስጥ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያስገቡት አሳይመንት በሙሉ በአንድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

ማታውኑ አስተካከልነው። ባልደረባዬ ያን ሐሳብ ባያነሣ ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ያልበኛል። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ እንመልሳለን ብለን ተስማማን።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ፋይናል። ሁለት ላብ፣ 78 ተማሪ በመጀመሪያው ዙር። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፈተና።

25ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ።

ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ላይ ስለሆነ አልጠፋም። የላቦቹ ኮምፒውተርና እነሱን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው ስዊች ግን ጠፉ። ክፍሉ ጨለመ። አንድ ሰው ጮኸ። "ማንም አይነሣ፣ የመለሳችሁት አልጠፋም" አልኩ። አምነውኝ ይሆን? ሙድል ኩዊዝ ላይ መልሱን በየደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል። ቢበዛ የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት የምትጠፋው። ይህን አውቃለሁ፣ ግን ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

ጀነሬተሩ በ11 ደቂቃ ተነሣ። ኮምፒውተሮቹ ተከፍተው ሁሉም እስኪገባ ሌላ 8 ደቂቃ። መልሶቻቸው አሉ። አንዱ ወንበሩ ላይ እንዳለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ተነፈሰ።

ግን አንድ ነገር አለ። የኩዊዙ ሰዓት አይቆምም። መብራት ይሂድ ይምጣ፣ እሱ ይቆጥራል። 19 ደቂቃ በልቶባቸዋል። ልክ እንደ ፕላዝማው። ይህን አስቀድመን ስላሰብን ለየላቡ ቡድን ፈጥረን ነበር። ለሁለቱ ቡድኖች 25 ደቂቃ ጨመርኩ፤ 19ኙ የጠፋው፣ 6ቱ ለድንጋጤው። መምህሩን በስልክ ጠይቄ ነው። "ጨምርላቸው፣ ልጄ" አሉኝ።

ከ78ቱ 78ቱም አስረከቡ። ያቺ የኅዳሩ እርጉዝ ተማሪ የለችም፣ ወልዳለች። የእሷ ፈተና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተይዞላታል።

ላብ ስዊቾቹ ላይ ትንንሽ ዩፒኤስ እንዲገዛ የጥያቄ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስዊቹ ቢተርፍ ላፕቶፕ ያላቸው ይቀጥሉ ነበር።

የካቲት 4

የሁለተኛው ሴሚስተር ዝርዝር ከሬጅስትራር መጣ። 263 ስም። ከፍቼ አየሁት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በየራሱ ዓምድ ነው። መታወቂያው በሰረዝ ነው። ከታች አንድ መስመር ተጽፏል፦ "በዩቲኤፍ 8 ተቀምጧል።" ባለፈው ጥቅምት ሦስት ጊዜ ያስቸገርኳት ባለሙያ ናት ያዘጋጀችው። ደውዬ አመሰገንኳት።

ዝርዝሩን ለማስገባት 20 ደቂቃ ወሰደ።

ለቅዳሜ፦ የፓስወርድ ወረቀቶቹን ማተም፣ መቀስ፣ አዲስ ደብተር። የድሮው አልቋል። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ የሕግ ሃንድአውቱ ሁለተኛ ክፍል፣ 60 ገጽ ገደማ።